የአይዞን ፎቶግራፍ

እናቴ ቤት፣ ከመኝታዋ ራስጌ በሚገኘው የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ከክርስትና ምስክር ወረቀቶች፣ ከዱሮ የመብራት ደረሰኞችና ከአባቴ የፍርድ ቤት መዝገብ ግልባጮች ጋር አንድ ፎቶግራፍ ተቀምጧል። ጥቁርና ነጭ ነው። መዳፍ አያክልም። ያለበት ውሻ ነው። ሰው የለበትም። ቢያንስ እኔ ለብዙ ዓመታት «ሰው የለበትም» ብዬ ኖሬአለሁ።

በእኛ ልጅነት እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አልበም ማቅረብ የአዲስ አበባ ቤቶች ወግ ነበር። እንግዳው ገጹን እየገለጠ «ይቺ ማናት? ይሄስ ያ የአጎትሽ ልጅ አይደለም?» እያለ ይጠይቃል፤ የቤቱ እመቤት ትመልሳለች፤ በዚያው የዘመድ ሐረግ ይቆጠራል። የእኛ ቤት አልበም ግን ለእንግዳ አይቀርብም ነበር። ጥቁር ገጾቹ ላይ ፎቶ የሚይዙት ትንንሽ የወረቀት ማዕዘኖች አራት አራት ሆነው ተለጥፈዋል፤ በብዙዎቹ መካከል ግን ምንም የለም። እነዚያን ባዶ ቦታዎች በጣቴ እየዳበስኩ «እዚህ ማን ነበር?» ብዬ ስጠይቅ እናቴ «ተላቆ ወደቀ» ትለኝ ነበር። ያን ሁሉ ፎቶ ያላቀቀው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ለመጠየቅ ዕድሜዬ ገና ነበር።

የውሻው ፎቶ ግን አልወደቀም። ይህ ራሱ አንድ ጥያቄ ነው። በአገራችን ውሻ ደጅ አዳሪ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፤ የተረፈ ፍርፋሪ ይጣልለታል፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ተብሎም ከነውለታው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሸኛል። ፎቶግራፍ ደግሞ ውድ ነገር ነበር። ከአፄ ምኒልክ ጊዜ ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺዎች የነበሩት አርመናውያኑ ቦያጂያኖች፣ አባትየው ቤድሮስ፣ ቀጥሎም ልጆቹ ሀይጋዝና ቶርኮም፣ ካሜራቸውን የሚደግኑት በዘውድና በካባ ፊት ነበር። ኋላ ፎቶ ቤቶች በየሠፈሩ ሲከፈቱ ተራውም ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ጸጉሩን ተቀብቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ለመቆም በቃ። በ1960ዎቹ አንድ ጥቅል ፊልም 12 ፎቶ የሚያነሳ ከሆነ 12ቱም የተቆጠሩ ናቸው። አንዱን ለልጅ ክርስትና፣ አንዱን ለአያት፣ አንዱን ለጠቅላላው ቤተ ሰብ። ታዲያ በዚያ ዘመን ከ12ቱ አንዱን ለውሻ የሚሰጥ ማን ነው?

ፎቶውን ላስረዳ። ውሻው መሬት ላይ ቁጢጥ ብሏል። ጆሮው አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ታጥፏል። አንገቱ ላይ ገመድ አለ። ከኋላው የጭቃ ግድግዳ፣ በግራ በኩል ጥቂት የጎመን ቅጠል፣ ከላይ የቆርቆሮ ክዳን ጫፍ ይታያል። ከፊት ለፊቱ፣ መሬቱ ላይ፣ የፎቶ አንሺው ጥላ ረዝሞ ተጋድሟል፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጥላ ነው። በቀኝ በኩል፣ ፎቶው በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ፣ ከውሻው ማጅራት ላይ ያረፉ ሁለት የሰው ጣቶች አሉ። ከጀርባው በእርሳስ «68» ተብሎ ተጽፏል።

ውሻው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጭራው ግን የለም። ጭራው በሚኖርበት ቦታ ጭስ የመሰለ ነገር አለ። ይህንን የሚያስረዳልኝ ያገኘሁት ኋላ፣ ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ ሳነብ ነው። ፈረንሳዊው ዳጌር በ1838 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከፓሪስ መስኮቱ ሆኖ አንድ ሰፊ ጎዳና አነሣ። ጎዳናው በሰውና በሠረገላ የተሞላ ነበር። ያን ጊዜ ግን አንድ ምስል ለመቅረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበረ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፋ፤ በሥዕሉ ላይ ጎልቶ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጫማውን ሊያስጠርግ እግሩን ዘርግቶ የቆመ። እንግዲህ በፎቶግራፍ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ የሊስትሮ ደንበኛ ነው ማለት ነው። ነገሩ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። ፎቶ የሚይዘው የቆመውን ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ጭስ ይሆናል። የውሻችን ጭራ ጭስ የሆነው ስለሚወዛወዝ ነው። ውሻ ደግሞ ጭራውን እንዲያ የሚያወዛውዘው ለሚያውቀው ሰው ነው።

ስሙ «አይዞን» ነበር። የውሻ ስም በአማራው አገር ዝም ብሎ አይወጣም፤ ለጎረቤት የሚላክ ደብዳቤ ነው። ከባላጋራው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር የማይፈልግ ሰው ውሻውን ጠርቶ የልቡን ይናገራል፤ ባላጋራውም «ለኔ ነው» ብሎ መቆጣት አይችልም፤ የተጠራው ውሻው ነዋ! አባቴ በጉለሌ ለያዛት ቁራሽ መሬት ዓመታት ሲሟገት ኖሮ በ1965 ዓ.ም ተፈረደበት። በዚያው ሰሞን ለመጣው ቡችላ «አይዞን» የሚል ስም አወጣ። ማታ ማታ ባላጋራው በአጥር በኩል ሲያልፍ ጠብቆ «አይዞን! አይዞን!» እያለ ይጣራ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ወጣና ያን መሬት ከረቺም ከተረቺም እጅ አወጣው። አባቴና ባላጋራው ዐዋጁ በሬዲዮ በተነበበ ማግስት አብረው ጠጅ ቤት ገቡ። ስሙ ግን ውሻው ላይ ቀረ።

ውሻውን ይወድ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ነው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ እለው ነበር። ከምሳው ላይ ቀንሶ በእጁ ያጎርሰዋል፤ እናቴ «ለውሻ ከገበታ ይሰጣል?» እያለች ትቆጣዋለች። ይህ እስከ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ድረስ ቆየ።

የእንቁጣጣሽ ማታ ነው። በሠፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ስለነበረ ከትልቅ እስከ ትንሽ እዚያ ተሰብስበናል። ያየነው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከአንድ ዓመት በፊት በወሎ ያነሣውን የረሃብ ፊልም ነው። ደርግ በመካከሉ የቤተ መንግሥቱን ድግስ፣ የሠርግ ኬክና ሻምፓኝ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል ሰካክቶበታል። አንድ የተራበ ሕፃን፣ ቀጥሎ አንድ ውሻ። አንድ አስከሬን፣ ቀጥሎ አንድ ውሻ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ፣ ወንዶቹ ጥርሳቸውን ሲያፋጩ አስታውሳለሁ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ከዚያ በፊት እኮ እነዚያ ውሾች ሌላ ነገር ነበሩ። ሉሉ የምትባለው ትንሿ የንጉሠ ነገሥቱ ውሻ ከእግራቸው ሥር ስትታይ የአዛውንት ደግነት ምልክት ነበረች፤ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢም መቃብሯ ላይ ድንጋይ ቆሞላታል። ኋላ ፖላንዳዊው ካፑሽቺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ ባወጣው መጽሐፉ ሉሉን የመኳንንቱን ጫማ የምታረጥብ የውርደት ምልክት አደረጋት፤ ቤተ መንግሥቱን በቅርብ ከሚያውቁት መካከል ወሬውን የተቃወሙ አሉ። ውሻዋ ያው ናት። የሚለዋወጠው ከጎኗ የሚቀመጠው ሥዕልና የሚያየው ሰው ልብ ነው። ውሻ ለራሱ አይናገርም፤ ስለዚህ ሁሉም ያናግረዋል።

ያን ማታ ጋሼ ወደ ቤት ስንመለስ አልተናገረም። በሩ ላይ አይዞን እየዘለለ ሲቀበለው እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ቀን በኋላ ከገበታ ላይ አልሰጠውም። «ሕዝብ እየተራበ» ይል ነበር። እናቴ የምትለውን ዓይነት ነገር በሌላ ቃል መናገሩ ነው፤ እሷ ግን ደስ አላላትም። እኔ አንድ ሌሊት ለሽንት ስወጣ ጋሼ በጨለማ ከውሻው ቤት አጠገብ ተቀምጦ እንጀራ ሲያጎርሰው አይቻለሁ። ሳይናገር ከንፈሩ ላይ ጣቱን አደረገ። እኔም እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደየገጠሩ ወጡ። ጋሼ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርና ካኪውን ለብሶ ወደ ከፋ ሄደ። የተመለሰው በ1968 ክረምት ነው። ከስቷል፤ ጠቁሯል፤ ጸጉሩን አፍሮ አሳድጓል። አይዞን ከአንድ ዓመት በላይ ያላየውን ሰው በድምፁ ለየው።

እንግዲህ «68» የሚለው ቁጥር ምን እንደሆነ ይገባችኋል። እኔ ግን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ምክንያቱም አባቴ «ውሻው ላይ ያረፈው የኔ እጅ ነው» ብሎ ነግሮኛል። አባቴ ውሸታም ሰው አልነበረም። ባርኔጣ ያደርግ የነበረው ግን እሱ ነው። ካሜራውን ከመሥሪያ ቤት ባልደረባው የተዋሰውም እሱ ነው። ጥላው ፊት ለፊት ከተጋደመ እጁ ከጎን ሊመጣ አይችልም። በ1974 ዓ.ም አባቴ ሲያርፍ ይህን አላሰላሁትም ነበር። ያሰላሁት በ1983 ዓ.ም፣ ደርግ በወደቀበት ክረምት፣ ሣጥኑን ከፍቼ ፎቶውን በብርሃን ሳገላብጠው ነው።

የዚያ ዘመን ፎቶ ወረቀት ዙሪያውን ነጭ ኅዳግ ነበረው፤ ጠርዙም እንደ ብስኩት ጥርስ ጥርስ ያወጣ ነበር። የአይዞን ፎቶ በሦስት ወገን እንዲያ ነው። በቀኝ በኩል ግን ኅዳግም ጥርስም የለውም። ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። የተዋሰው ካሜራ የሚያወጣው ጎኖቹ እኩል የሆኑ ምስሎች ነበር፤ ይሄኛው ግን ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል። በቀኝ በኩል የነበረ ሰው ተቆርጦ ወጥቷል። የቀሩት ሁለት ጣቶቹና የካኪ እጅጌው ጫፍ ናቸው።

መጋቢት 1969 ትዝ አለኝ። ከተማው ተከፋፍሎ ቤት ለቤት የሚታሰስበት ሰሞን ነበር። በየቤቱ መጽሐፍ ተቃጠለ፤ ደብዳቤ ተቃጠለ፤ ከነማን ጋር እንደቆሙ እንዳይታወቅ ፎቶም ተቃጠለ። በየምድጃው የወረቀት ሽታ ነበር። እኛ ቤት የመጡት አሳሾች አራት ነበሩ። ፍራሹን ገለበጡ፤ የጤፍ ጎታውን በእንጨት ወጉ፤ አልበሙን ገለጡ። አንደኛው የውሻውን ፎቶ አንሥቶ አየና «ውሻ ነው» ብሎ ወረወረው። በዚያ ቀን ከአፋቸው የሰማሁት ለስላሳ ቃል እሱ ብቻ ነው።

ጋሼ ያን ጊዜ ከቤት ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ በጨለማ ብቅ እያለ ይሄድ ነበር፤ አይዞን አይጮህበትም። በ1970 ዓ.ም ጥር ወር መያዙን ሰማን። እናቴ ስንቅ እየቋጠረች ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ዞረች፤ አንዱ ጋ ተቀበሏት። ለሦስት ሳምንት ባዶ ሳህኑ ይመለስ ነበር። በአራተኛው ሳምንት በር ላይ ያለው ሰው ሳህኑን ሳይነካ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላት። በዚያን ዘመን ይህ ዐረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ እናት አልነበረም።

ማልቀስ አይፈቀድም ነበር። ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ጎረቤት መሰብሰብ ጸረ አብዮት ነው። እናቴ በዚያ ሳምንት አንድ ማታ ወደ ደጅ ወጣችና ውሻውን ጠራችው። «አይዞን!» አለች። ውሻው እግሯ ሥር ነበር። እሷ ግን ደጋግማ ጠራችው፤ «አይዞን! አይዞን!» እያለች፣ ድምፅዋ እስኪሰበር። ጥቂት ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የእማማ ድምፅ ተሰማ። እማማ ውሻ የላቸውም። «አይዞን!» አሉ። ቀጥሎ ከታችኛው ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ከጠጅ ቤቱ በኩል። የሠፈሩ ሴት ሁሉ የእኛን ውሻ ይጠራ ነበር። ለጋሼ የተደረገው ለቅሶ ይኸው ነው።

ስለ ውሻ ታማኝነት ሲወራ የጃፓኑ ሐቺኮ ይነሣል። ጌታው ፕሮፌሰር ኡዌኖ በ1925 እ.ኤ.አ ከሞተ በኋላ እስከ 1935 ድረስ፣ ራሱ እስኪሞት፣ በሺቡያ ባቡር ጣቢያ ይጠብቀው ነበር ይባላል፤ ሐውልትም ቆሞለታል። አይዞን ሐቺኮ አልነበረም። እውነቱን ልናገር። በላ፣ ተኛ፣ ለፖስተኛ ጮኸ፤ በ1973 ክረምት አርጅቶ ሞተ። ደጃፍ ላይ እየተጋደመ የጠበቀችው እናቴ ናት።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የፎቶው ጠርዝ መቆረጡን ካወቅሁ በኋላ ማን እንደቆረጠው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። እንዲያ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ መቀስ በቤታችን የነበረው የሷ ብቻ ነው። ማስረጃው ሁሉ ተሟላልኝ። ልጇን ከወረቀት ላይ ቆርጣ አውጥታ ውሻውን አስቀመጠች! ፍርሃቷ ይገባኛል፤ ግን ውሻውን? አልጠየቅኋትም። በሆዴ ያዝኩት። ይህ ያዝኩት ያልኩት ነገር በ2002 ዓ.ም አመለጠኝ።

በዚያ ዓመት በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ሄጄ አየሁት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በፎቶ የተሸፈነ ነው፤ አብዛኛው ጉርድ ፎቶ፣ ጥቁርና ነጭ፣ የወጣት ፊት። ቤተ ሰቦች ከየሣጥናቸው ያወጧቸው ናቸው። ቆሜ አንድ በአንድ ፈለግሁ፤ እንደሌለ እያወቅሁ ፈለግሁ። ቤት ስመለስ እናቴ «አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። «ፎቶውን ያስቀመጠለት ሰው የለማ።»

እናቴ ያን ጊዜ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ። «ልክ ነህ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። እናቴ ዛሬ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ባለፈው ፋሲካ ልጄ አያቷን ልትጠይቅ ሄዳ ሣጥኑን ስትበረብር ፎቶውን አገኘችና በስልኳ አነሣችው። ማታ ላይ ምስሉን በሁለት ጣቷ እየለጠጠች፣ «አባዬ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ኳስ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ከውሻው በስተኋላ፣ የጭቃው ግድግዳ ላይ ያለውን ጥቁር ክብ ነገር ነው። እኔ አውቀዋለሁ፤ እርጥበት ነው። ሁልጊዜም እርጥበት ነው ብዬ ነው የማየው። ልጄ ግን አጎላችው። ፀሐይዋ ከፎቶ አንሺው በስተኋላ፣ በቀኝ በኩል ነበረች። የአባቴ ጥላ ወደ ፊት ወደ ግራ ተጋድሟል፤ የውሻው ጥላ ወደ ኋላ ወደ ግራ ሄዷል። ከውሻው በስተቀኝ ቁጢጥ ያለ ሰው ቢኖር ጥላው የሚያርፈው የት ነው? በትክክል እዚያ፣ ግድግዳው ላይ። ከክቡ በታች አንገት አለ፤ ትከሻም አለ። ክቡ ኳስ አይደለም። አፍሮ ነው።

መቀሱ ሰውየውን ቆርጦ ጥላውን ትቶት ኖሯል። ይህን ያህል ዘመን ወንድሜ ግድግዳው ላይ ነበር፤ እኔ እርጥበት ብዬዋለሁ።

በማግሥቱ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ፎቶውን ከሣጥኑ አውጥቼ እጇ ላይ አደረግኩላት። የማወራው ስለ ጥላው መስሎኝ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «እማዬ፣ ለምን ቆረጥሽው?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ፣ «እኔ አልቆረጥኩም» አለች። «እሱ ነው የቆረጠው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰሳ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ በተሰማበት ሌሊት፣ እኔ ተኝቼ፣ ጋሼ አልበሙን ከምድጃው አጠገብ ይዞ ተቀመጠ። እሱ ያለበትን ፎቶ አንድ በአንድ እያወጣ እሳት ላይ ጣለ፤ የክርስትናውን፣ የትምህርት ቤቱን፣ ከጓደኞቹ ጋር የተነሣውን። እናቴ «አንዷን እንኳ ተውልኝ» ብላ ለመነችው። «አንዷ ትበቃለች እናንተን ለማስያዝ» አላት። የመጨረሻዋ ከአይዞን ጋር የተነሣው ነበረች። እሷን ይዞ ቆየ። ከዚያ የእናቴን መቀስ ከመስፊያው መኪና ላይ አነሣና ራሱን ቆረጠ። ራሱን ወደ እሳት፣ ውሻውን ለእናቴ። «ይቺ ምንም አታደርጋችሁም» አላት።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። «እኔ አንቺን ነበር እኮ . . .»

«አውቃለሁ» አለች። «ገና በዓይንህ አውቄዋለሁ። ራሱ ቆረጠ ብልህ፣ ፈርቶ ነው ትለዋለህ ብዬ ነው። ልጅ ነበርክ። ኋላም ስታድግ አፍህ ስለታም ሆነ። እሱን ከምትወቅሰው እኔን ብትወቅሰኝ ይሻላል። እኔ አለሁ፤ እችለዋለሁ።»

ምን እላለሁ? ፎቶ ማንበብ አውቃለሁ ብዬ ጠርዙን ለክቻለሁ፤ የፀሐይዋን አቅጣጫ አስልቻለሁ፤ ከጭራው ጭስ ውስጥ ሰው አውጥቻለሁ። የመቀሱን ባለቤት ግን ከመቀሱ ተጠቃሚ መለየት አልቻልኩም። ያ የመጋቢቱ አሳሽ ፎቶውን አይቶ «ውሻ ነው» አለ፤ እኔ ደግሞ «ፍርሃት ነው» አልኩ። እሱ በአንድ ደቂቃ ተሳሳተ፤ እኔ በሠላሳ ዓመት።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሮላን ባርት እናቱ በ1977 እ.ኤ.አ ከሞተች በኋላ ስለ ፎቶግራፍ አንድ መጽሐፍ ጽፎ በ1980 አሳተመ። የመጽሐፉ እምብርት የእናቱ የልጅነት ፎቶ ነው፤ ፎቶውን ግን በመጽሐፉ ውስጥ አላወጣውም፤ ለሌላው ሰው ተራ ፎቶ ነውና። እኔም የአይዞንን ፎቶ ከዚህ ጽሑፍ ጋር አላወጣሁትም። ብታዩት የምታዩት ውሻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከፎቶው ላይ አንድ ቦታ ሁልጊዜ ግራ ያጋባኝ ነበር። በቀኙ ጠርዝ በኩል የወረቀቱ ልስላሴ ተገፏል፤ አመድማ ሆኗል። እሱንም እርጥበት ነው ስል ነበር። በዚያ ዕለት እናቴ ፎቶውን ከእጄ ተቀብላ፣ ሳታየው፣ ምክንያቱም ማየት አትችልም፣ በጣቶቿ ጥርስ ጥርሱን ጠርዝ እየዳሰሰች ዞረች። ለስላሳውን፣ የተቆረጠውን ጎን ስታገኝ ቆመች። ከዚያ አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ ጥቂት ገፋ አድርጋ አሳረፈችው። ሳትሳሳት ሁለቱ ጣቶች ላይ።

«እዚህ ጋ እጁ አለ» አለችኝ። «እሱ ሳያየው ቀርቶ ይሁን ሆን ብሎ ይሁን አላውቅም። አልጠየቅሁትም፤ ቶሎ ወጣ።»

ስለ ጥላው ያን ጊዜ ነገርኳት። ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ ጸጉሩም እንደሚለይ። የት ጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አውራ ጣቷን ይዤ ወስጄ እዚያ ላይ አስቀመጥኩላት።